ቆራጩ ቆርጧል

ቆራጭና ተኳሽ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ ሲባል የሰማ ሰው የጦር ሜዳ ወሬ ይመስለዋል። ወሬው የልብስ ስፌት ቤት ነው። ቆራጩ ጨርቅ በመቀስ ይቆርጣል፣ ተኳሹ የተሰፋውን በካውያ ይተኩሳል፣ በሁለቱ መካከል ሰፊዎቹ በየመኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ቢሆንም የሰማው ሰው ያን ያህል አልተሳሳተም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዓይንና ናጫ ናቸው። በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ቧንቧ ይታጠባሉ፣ የእግዜር ሰላምታ ከተለዋወጡ ግን ዘመን ሆኗቸዋል።

የጠቡ መነሻ የአንድ ሙሽራ ኮት ነው። ሙሽራው መስታወት ፊት ቆሞ እጁን ቢዘረጋ የግራ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረ። የያኔው አለቃ «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተኳሹ «ቆራጩ አሳጥሮ ቆርጦት ነው» አለ። ቆራጩ ደግሞ «ቆርጬስ በልኩ ነበር፤ በእንፋሎት ቀቅሎ ያሳጠረው እሱ ነው» አለ። አለቃው ነገርን ከሥሩ የሚያይበት ትዕግሥት አልነበረውምና ሁለቱንም ቀጥቶ ተገላገለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቆራጩ ተኳሹን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው። ተኳሹም ቢሆን ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ያንኑ መልሶ ወረወረለት።

ሥራ ደግሞ ያለ ንግግር አይሆንም። ስለዚህ መሐል ላይ የተቀመጠችው እጅጌ ሰፊ ሳትሾም መልእክተኛ ሆነች። ስሟ ተረስቶ ሽቦ አልባ ተባለች። ቆራጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ይሄ ጨርቅ ሙቀት አይችልም» ይላል። ተኳሹ እዚያው አጠገባቸው ሆኖ ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ እሷ ዞራ እስክትደግምለት ድረስ ጆሮ እንደሌለው ሰው ይቆማል። ከዚያ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ እኔ ጨርቅ የማውቀው እሱ አፍንጫውን መጥረግ ሳይችል ነው» ይላል። ሽቦ አልባም ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ ለመልእክቱ ትንሽ ቅመም ጨምራ፣ ታደርሳለች። ይህን ስታደርግ አዝና ታውቃለች ብሎ የሚምል የለም።

የቆራጩ ጠላት ግን ተኳሹ ብቻ አልነበረም። ሌላው ጠላቱ የገዛ አውራ ጣቱ ነው። ዕድሜ ልኩን የብረት መቀስ ቀለበት ውስጥ የኖረ ጣት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታጥፎ አልዘረጋም ይላል። በግራ እጁ ይዞ ሲያቃናው ቀጭ ይላል፣ ሕመሙም እስከ ክርኑ ይወጣል። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «መቀሱን ይተዉ» አለው። «ካልተዉ አንድ ቀን እንደታጠፈ ይቀራል።» ቆራጩ ይህን በሥራ ቤት ለማንም አልተነፈሰም። የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምታውቀው ነግሯት ሳይሆን የሸሚዙን ቁልፍ በየጠዋቱ የምትቆልፍለት እሷ ስለሆነች ነው። ስትቆልፍ ደግሞ ዝም አትልም።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ እያለ ነው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያ የለጠፈው። ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን የሚቀባ፣ አሮጌ ዕቃና አሮጌ ሰው እኩል የሚሰለቸው ጎረምሳ ነው። ማስታወቂያው እንደሚለው ለጡረታ የተቃረበ ሠራተኛ ከፈለገ ከጊዜው ቀድሞ መውጣት ይችላል፣ ጡረታውም አይነካበትም፣ የሚፈልግ እስከ ዓርብ ቀትር ጸሐፊዋ ዘንድ ይመዝገብ፣ ከዚያ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል። በቤቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ለዚህ የሚበቃ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ማን ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሚስቱ፣ ማታ እቤት ሲነግራት። ድንች እየላጠች ነበር። «ነገ ጠዋት ሄደህ ተመዝገብ።»

«ያ ሰውዬስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ታውቂዋለሽ።»

ሚስቱ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የሚታጠፈው ጣት የሱ ነው ወይስ ያንተ?»

«እሱ ሳይወጣ አልወጣም። እኔ ዕቃዬን ሸክፌ ስወጣ እሱ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ሊፍቅ? ደግሞስ የመሸኛ ኮቴን ማን የሚተኩሰው ይመስልሻል?»

እዚህ ላይ ሰውዬው ጨርሶ አላበደም ነበር። በስፌት ቤቱ ከጥንት የኖረ ወግ አለ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ባልደረቦቹ የሠሩለትን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ቆራጩ ይቆርጥለታል፣ ሰፊዎቹ ይሰፉለታል፣ ተኳሹ ይተኩስለታል። ቆራጩ ቀድሞ ከወጣ ኮቱ በጠላቱ እጅ ሊወድቅ ነው። ካውያው ጀርባው ላይ ለአንዲት አፍታ ቢዘገይ፣ ባለሦስት ማዕዘን ጥቁር ማኅተም ታትሞበት ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። ተኳሹም በበኩሉ በጠላቱ መቀስ የተቆረጠ ሱሪ ለብሶ መሸኘት እንደማይፈልግ ግልጽ ነው፤ መቀስ የት ጋ ሊያጠብ እንደሚችል ያውቃል።

«ቆራጭ ተብለህ ቆራጥ ሳትሆን አረጀህ» አለች ሚስቱና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለስፌት ቤቱ ሰው ነጻ ቲያትር ነበሩ። ጸሐፊዋ ያለችበት ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። ተኳሹ ለሽንት በተነሣ ቁጥር ቆራጩ አንገቱን ያሰግጋል። ቆራጩ እጁን ሊታጠብ በሄደ ቁጥር ተኳሹ ካውያውን ያስቀምጥና በበሩ ሽንቁር ያያል። ሰፊዎቹ «የዛሬው የማን ፊኛ ነው የሚያሸንፈው?» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ሁለቱም አልተመዘገቡም። ሁለቱም ውሃ መጠጣት ቀነሱ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተኳሹ ትዕግሥቱ አለቀ። ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ብሎ ሽቦ አልባን ጠራት።

«ያ ሰውዬ ምን ደረሰ?»

እሱ የጠየቀው ስለ ምዝገባው ነው። እሷ ግን በዚያ ሳምንት የሆቴል በረኞች ኮት ትእዛዝ መጥቶ ስለነበር ያንን የጠየቃት መሰላት። ክር በአፏ ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ «ቆርጧል» አለችው።

«ቆርጧል?»

«ትናንት ነው የቆረጠው። ጨርሷል።»

ጨርቅም ሐሳብም በአንድ ቃል በሚቆረጥበት ቋንቋ ከዚህ የባሰ መልስ አይገኝም።  ተኳሹ ካውያውን አጥፍቶ፣ ሽርጡን ፈትቶ፣ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። ለሽንት እንደማይሄድ ከአረማመዱ ያስታውቅ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቷል።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለ ሽርጡን እያሰረ፣ «ቀድሞኝ በመቁረጡ ደግ አደረገ። እኔም ይኸው ፈርሜያለሁ። ዋናው ማን እንደቀደመ ነው።»

ቆራጩ ጠረጴዛው ላይ ጠመኔ እየሳለ ነበር። ጥያቄውንም መልሱንም በጆሮው ሰምቷል፤ አሁን ገና ገጠመለት። ጠላቱ በአንዲት ቃል ራሱን ከሥራ አስወጥቶ መጥቶ ቆሟል፣ ያውም እየፎከረ። አንድ ነገር ብቻ ቢናገር፣ «ጨርቁን ነው» ቢል፣ ተኳሹ ሮጦ ሄዶ ፊርማውን ሊያሰርዝ ይችላል። ገና አንድ ቀን አለ።

ሽቦ አልባ ደነገጠች። ወደ ቆራጩ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያልኩት ስለ ጨርቁ ነው» ብላ አንሾካሾከች።

«ያልሽውን ብለሻል። ካፍ የወጣ አፋፍ። ስፊ።»

«ሰውዬው ግን…»

«ስፊ አልኩሽ።»

ሰፋች። ቆራጩም ጠመኔውን መሳል ቀጠለ፤ ጠመኔው አልቆ ጣቶቹ መሐል ዱቄት እስኪሆን ድረስ። ደስ አለው። ከሠርጉ ቀን በላይ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ሚስቱ ግን ይህን ባትሰማ ይሻላል።

ማታ ሲነግራት ሚስቱ እንኳ ፈገግ አለች። «እንግዲህ ወጣልህ። ነገ በጠዋት ትመዘገባለህ።»

«አልመዘገብም።»

«ምን?»

«እሱ የፈረመው እኔ ቀድሜ የቆረጥኩ መስሎት ነው። አሁን ሄጄ ብመዘገብ ውሸቱን እውነት አደረግኩለት ማለት ነው። ካልተመዘገብኩ ግን በገዛ እጁ ቀድሞ ወጣ። ዕድሜ ልኩን ያስታውሳታል።»

ሚስቱ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችው። «አየህ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀት እንኳ ሲርስ ይለቃል።»

«አንቺ አይገባሽም።»

«እውነትህን ነው፣ አይገባኝም። ነገ ሸሚዝህን ያ ሰውዬ ይቆልፍልህ።»

ዓርብ ጠዋት በእርግጥም አልቆለፈችለትም። በሹራብ ሄደ።

ዓርብን ቆራጩ እንዴት እንዳሳለፈው እሱና ጣቱ ናቸው የሚያውቁት። እውነቱ ይነገር ከተባለ መውጣት ፈልጎ ነበር። ደክሞታል። ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ እንቅልፍ ሲጥለው ማንም ሳይቀሰቅሰው ማንጎላጀት፣ እጁን ዘርግቶ ማየት ፈልጎ ነበር። ረፋዱ ላይ ተነሥቶ እስከ ጸሐፊዋ በር ድረስ ሄዷል። እጀታውን ይዞም ነበር። በዚያች ቅጽበት ከኋላ፣ ከተኩስ ክፍሉ፣ የተኳሹ ሳቅ መጣ። ሰውዬው የሳቀው ሰፊዎቹ በነገሩት ቀልድ ይሁን በሌላ አይታወቅም። ቆራጩ ግን በእኔ ነው ብሎ ወሰነ። እጀታውን ለቀቀና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሱ ዋጠ፣ ውሃም አልተከተለበትም። የቀትሩ ደወል ሲደወል መቀሱን ይዞ ቆሞ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ተኳሹን መለካት ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች ከሙሽራው ኮት ወዲህ ያን ያህል ተቀራርበው አያውቁም። ቆራጩ ሜትሩን በትከሻው ላይ ዘርግቶ ልኩን ለሽቦ አልባ እየጠራ ያስጽፋል። ተኳሹ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። የሰውዬው ላብና የእንፋሎት ሽታ ቆራጩ አፍንጫ ውስጥ ገባ።

«ቀኝ ትከሻው ወርዷል ብለሽ ጻፊ» አለ ቆራጩ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለ ተኳሹ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ «ትከሻዬ የወረደው የሱን ጉድ ስሸከም ነው።»

ቆራጩ ይህን ተራ ስድብ ነው ብሎ አለፈው።

«የሱንስ ኮት ማን ይቆርጥለታል? ራሱ ነው?» አለ ተኳሹ ቀጥሎ።

ሽቦ አልባ እርሳሷን መንከስ ጀመረች። ቆራጩ ሜትሩን ጠቀለለ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ስለኔ ኮት አያስብ።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ አንድ ሐሳብ ሽው አለበት። የግራውን እጅጌ ትንሽ ቢያሳጥረውስ? እንደዚያ ሙሽራ ከአንጓው በላይ አስቀርቶ ቢሸኘውስ? ብዙ አላመነታም። እሱስ ለጀማሪ ነው። ምንም እንከን የሌለው ኮት ቆርጦ ቢያለብሰው፣ ተኳሹ በሄደበት ሁሉ የጠላቱን ሙያ በትከሻው ተሸክሞ ይኖራል። ልክ ልኩን ማግኘት ማለት ይህ ነው። የወረደውን ትከሻ አስልቶ፣ ከገበሩ እስከ ኮሌታው ተጠቦ ቆረጠ። የግራውን እጅጌ እኩሌታ ሲያደርስ አውራ ጣቱ ታጠፈና አልከፈት አለ። በግራ እጁ ፈልቅቆ ከፈተው፣ ላቡን ጠረገ፣ ቀጠለ። ጨርሶ ሲያነሣው እንደዚያ ያለ ኮት በዕድሜው ቆርጦ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበር።

የመሸኛው ቀን መጣ። ተኳሹ የገዛ ልብሱን ራሱ ተኩሶ ለብሶ ቆሟል፣ ከልብስ መደብር መስኮት የወረደ ሐውልት ይመስል ነበር፤ ትከሻው ሳይቀር ተስተካክሏል። ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ አስከፍቶ ንግግር አደረገ። «ዛሬ የምንሸኘው ለረጅም ዓመታት ያገለገሉንን አንድ ሰው ነው» አለ።

«አንድ?» አለ ተኳሹ።

 ተኳሹ ቀስ ብሎ ዞረና ቆራጩን አየው። ከዚያም የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን እንደያዘ ደርቆ የቀረበት ነገር ሆነ፤ ቀጥታ አናገረው።

«አንተስ? ቆርጠህ የለም እንዴ?»

«ቆርጫለሁ» አለ ቆራጩ። ለዚህች ቀን ነበር የኖረው። በዚያ በሚያመው ጣቱ ወደ ተኳሹ ደረት ጠቆመ። «ይኸው ለብሰኸዋል።»

ከሰፊዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና ወዲያው በእጇ አፈነችው። ተኳሹ ወደ ሽቦ አልባ አየ፤ ሽቦ አልባ ጫማዋን እያየች ነበር። ነገሩ ሁሉ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ሐሙስ ረፋድ፣ ክሩ፣ ቃሉ። ቆራጩ ስድብ ጠበቀ። ተኳሹ ግን የግራ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ወደ አንጓው ሳብ አደረገና ድምፁን ሳያሰማ ከልቡ ሳቀ።

«ይሁን» አለ። «ካውያዬ ከሄደ በኋላ መቀስህን እናየዋለን።»

ለስላሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ቆራጩም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል፤ እሱ ግን እየሄደ ይጮኻል» ብሎ ለሰፊዎቹ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም።

«አሸነፍክ?» አለችው ሚስቱ ማታ።

«አሸነፍኩ።»

«እሰይ። በል ነገ ማልደህ ተነሥ።»

በተኳሹ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። ክዳን ያለው የመተኮሻ ማሽን መጣ። አንዲት ልጅ ኮቱን ታጋድማለች፣ ክዳኑን ትጫናለች፣ ሲጮህ ታነሣለች። ቆራጩ ወሩን በኩራት ቆረጠ። «ለዚያ ሰውዬ» የሚል ቃል አንዳንዴ እምላሱ ላይ ይመጣበታል፤ ይውጠዋል። ቤቱ ጭር ያለበት መሰለው እንጂ የጎደለውን ነገር አላወቀም።

ከዚያ ተኳሹ ከሄደ በኋላ በማሽኑ ተተኩሰው ሆቴሉ የተረከባቸው የበረኞች ኮቶች ተመለሱ። በከረጢት ታጭቀው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጡ። ሥራ አስኪያጁ አንዱን አንሥቶ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ያዘ። ግራው አጥሯል። ሌላውን አነሣ፤ እንደዚሁ። የሌላኛው ደግሞ ጫፉ እንደ ውሻ መንገድ ተጣሟል።

«ማን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ቆራጩ ሳያስብ እጁን ወደ ተኩስ ክፍሉ አነሣ። «ቆርጬስ በልኩ ነበር፤ በእንፋሎት ቀቅሎ ያሳጠረው…»

እዚያ ማሽኑ አለ። ልጅቷ ክዳኑን እንደያዘች አየችው።

«ማሽን አይቀቅልም ጋሼ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይጫናል፣ ይነሣል። እነዚህን ኮቶች የቆረጡት እርስዎ ነዎት።»

«የዚያን ጊዜው ምዝገባ…» አለ ቆራጩ። ድምፁ ለራሱም ያንድ ሌላ ሽማግሌ ድምፅ መሰለው።

«አልፏል። እርስዎ ራስዎ አልፈለጉም። ከእንግዲህ የምንነጋገረው ሥራዎን ይችላሉ ወይ በሚለው ነው። ቢሮ ይምጡ።» ኮቱን ወርውሮ ሄደ።

ቆራጩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽቦ አልባ መኪናዋን አቁማ ተነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅመም ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የዛሬ አይደለም። ጣትህ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ነው የምትቆርጠው።»

«ስለ ጣቴ ማን ነገረሽ?»

«ሁላችንም እናያለን። ያጠረ እጅጌ ሲመጣለት ያ ሰውዬ እርጥብ ጨርቅ ደርቦ፣ በዚያ ከባድ ካውያ እየሳበ ልኩ ላይ ያመጣው ነበር። የተበላሸውን ሁሉ አንድ በአንድ። ትከሻው እስኪወርድ።»

«ለምን?»

«ለፍቅር እንዳይመስልህ። ‹ደግሞ በኔ የሚያላክክበት ምክንያት አልሰጠውም› ይል ነበር።»

ቆራጩ አንዱን ኮት ወደ ራሱ ሳበ። «የመሸኛ ኮቱስ?»

«የግራው እጅጌ አጥሮ ነበር» አለች ሽቦ አልባ። «ራሱ ሳበው። ስቦም እየሳቀ ለበሰው።»

ቆራጩ ከፊቱ ያለውን መቀስ አነሣ፤ ለምን እንዳነሣው ግን አላወቀም። አውራ ጣቱ በቀለበቱ ውስጥ ታጠፈና ቀረ። በግራ እጁ ሊፈለቅቀው ቢሞክር አልከፈት አለው። መቀሱ እጁ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያጠሩትን እጅጌዎች በግራ እጁ አንድ በአንድ አገላበጠ። ሰፊዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው…»

ሽቦ አልባ ክሯን መርፌ ውስጥ እያስገባች ነበር። «የቱ ሰውዬ ጋሼ?» አለችው።